አንድ ጠመንጃ በሁለት ዓይነት ጥይት ሁለት ቦታ ይመታል፣ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ ጀማዓ። እኔ ተወልጄ ያደኩት ኮምቦልቻ ነው፣ አሁንም ለክረምት ቤት ነኝ፣ ሥራዬ ግን ባሌ ተራሮች አካባቢ ፈቃድ ያለው የአደን ካምፕ ውስጥ ነው። ከውጭ የሚመጡት አዳኞች የራሳቸውን ጠመንጃ ካላመጡ የካምፑን ጠመንጃ አዘጋጅቼ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ጠመንጃው በየተኩሱ በእጅ እየተቀባበለ አንድ አንድ የሚተኩስ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ነው፣ ማለት 7.62 በ63፣ ሰደፉ እንጨት፣ ስኮፑም፣ ማለት ማጉያ ማነጣጠሪያው፣ ደህና የሚባል ነው።

ጥይቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አረሩ 150 ግሬን ይመዝናል፣ በግራም 9.7 አካባቢ፣ ሁለተኛው 180 ግሬን ነው፣ 11.7 ግራም ገደማ። ሰኔ መጀመሪያ ካምፑ ሳይዘጋ 100 ሜትር ላይ ወረቀት ለጥፌ ሞከርኩት። መጀመሪያ 150ውን 5 ጥይት ተኮስኩ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተሰበሰበልኝ፣ ልክ መሃል ላይ፣ ደስ አለኝ። ወዲያው 180ውን 5 አጎረስኩና ተኮስኩ፣ እሱ 9 ሳንቲ ሜትር ተበተነ፣ የተበተነውም መሃሉ ላይ አይደለም፣ ወደ ታች 5 ወደ ግራ 4 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ነው። አስሩንም ጥይት የጨረስኩት 8 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፣ ዝናብ እየመጣ ስለነበር ቸኩያለሁ። ወረቀቶቹን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ይዣቸው መጥቻለሁ፣ ማታ ማታ እያወጣሁ አያቸዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። አምና አንድ እንግዳ በዚሁ ጠመንጃ በ180ው የደጋ አጋዘን ተኩሶ ከትከሻው ኋላ ሆዱ ላይ መታው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደም እየተከተልን በጉም ውስጥ ስንዞር ከርመን ነው ያገኘነው፣ እንስሳው ያን ሁሉ ሰዓት ሲሰቃይ ነበር። ሰውየው ተኩሱ ጥሩ ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ ጠመንጃውን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አለቃዬ 180ው ብልሹ ስለሆነ ይጣል ይላል፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጠመንጃው አርጅቷል ይላል፣ እኔ ደግሞ ስኮፑን ላዙረው እያልኩ ነው። የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ።

ሸዋ በር፦

ወንድሜ ይሄ የከፍታ ጉዳይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጥይት እንደ ቆላው አይሄድም። ኮምቦልቻ ያስተካከልከውን ጠመንጃ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ላይ ብትተኩስበት ሌላ ቦታ ነው የሚመታው፣ አባቶቻችንም ይሄን ያውቁ ነበር። ስኮፑን አዙረውና ተገላገል።

ጡረተኛው ከሆጤ፦

ልጄ ሰላም ላንተ ይሁን። ስኮፑን ለጊዜው እንዳትነካው። እኔ ሠራዊት ቤት መሣሪያ ጥገና ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ማነጣጠሪያ ወደ ማዞር ነው። የተበተነ ተኩስ መጀመሪያ ይሰብሰብ፣ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ መሃል ማምጣቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስትመለስ ከሥር ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች ፈትሽ። ፊተኛው ትንሽ እንኳን ላልቶ ከሆነ ብረቱ በየተኩሱ እንጨቱ ውስጥ ቦታ ይቀይራል፣ ቦታ ከቀየረ ደግሞ የፈለከውን ጥይት ብታጎርሰው አይሰበሰብልህም። መጀመሪያ ፊተኛውን ቀጥሎ ኋለኛውን አጥብቅ፣ ካቻቢቴው ለብሎኑ ልክ ይሁን፣ ካልሆነ ጥርሱን ይበላዋል። ከጠበቀ በኋላ ብሎኑም ዙሪያውም ላይ የሚያርፍ አንድ ነጥብ የጥፍር ቀለም አድርግበት፣ ነጥቧ ከተሰነጠቀች ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። የስኮፑን ቀለበቶችም እንደዛው አድርግ።

ከዛ የ10 ብር ኖት አውጣና በአፈሙዙ ቱቦና በእንጨቱ መሃል ከፊት አስገብተህ ወደ ኋላ ሳባት። ያለምንም መያዝ ጥይቱ እስከሚጎርስበት ድረስ መሄድ አለባት። አንድ ቦታ ከያዘች እንጨቱ እዛ ጋ አፈሙዙን እየነካው ነው። እንጨት ውሃ ይጠጣል ልጄ፣ የኔ ቤት በር ሆጤ ውስጥ ክረምት ሲገባ አልዘጋም ይላል ጥር ላይ ደግሞ ይላላል፣ ያንተም ሰደፍ ባሌ ጉም ውስጥ ከርሞ ከዚያ የተለየ ነገር አይሆንም። ወደ ግራ የሄደብህ ነገር እኔን ከእንጨቱ ነው የሚያሰኘኝ። እንጨቱ በአንድ ጎን ሲጫነው አፈሙዙ ሲሞቅ ወደ ሌላው ጎን ይሸሻል።

ከያዘብህ ባለቤቱን አስፈቅደህ ብረቱን ከእንጨቱ አውጣ፣ ክብ ዱላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለህ የሚነካውን ቦታ ብቻ በቀስታ ሞርደው። የተሞረደውን ራቁቱን አትተወው፣ በተልባ ዘይት በስስ በስሱ ሦስት አራት ቀን እየቀባህ አድርቀው፣ አለዚያ በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ያብጣል። ጥይት አለመኖሩን ሳታይ ደግሞ ካቻቢቴ እንዳታነሳ።

መምህርት ደሴ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ መሣሪያ ተኩሼ አላውቅም፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ ጥያቄውን ባለቤቴ አሳየኝና ስለ ተኩሱ የጻፍከው ነገር አላስተኛኝም። ወንድሜ 150ውን በቀዝቃዛ አፈሙዝ ነው የተኮስከው፣ 180ውን ደግሞ በጋለ። ስለዚ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው የቀየርከው፣ ጥይቱንም ሙቀቱንም። እና የመጣውን ልዩነት በምን አውቀህ ጥይቱ ላይ ታላክካለህ? ተማሪዎቼ ላብራቶሪ ውስጥ ይሄን ቢያደርጉ አስደግማቸዋለሁ። እባክህ እያፈራረቅክ ተኩስ፣ አንድ 150 አንድ 180፣ በመሃል አፈሙዙ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ሁለቱንም በተለያየ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዷ ቀዳዳ አጠገብ ስንተኛ እንደሆነች ቁጥር ጻፍባት። ያኔ እየራቀ የሄደው በሙቀት ከሆነ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይነግሩሃል።

ለሸዋ በር ወንድማችን፣ ከፍታ ለውጥ ያመጣል፣ ግን እዚህ ቦታ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500፣ የአየሩ እፍጋት ልዩነት ከመቶ 6 ወይም 7 ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ እንዲህ ፈጣን ጥይት ላይ በ100 ሜትር የሚያመጣው ለውጥ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ 300 ሜትር ላይ እንኳን ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይሄ አያወርድም፣ ወደ ግራ ደግሞ ጭራሽ።

ይልቅ ተራራ ላይ የምትሠራ ሰው ከሆንክ ዳገትና ቁልቁለቱን አስብበት። ጥይትን ወደ ታች የሚስባት የመሬት ስበት የሚሠራው በአግድሙ ርቀት ነው። አጋዘኑ ካንተ 200 ሜትር ሆኖ 30 ዲግሪ ቁልቁል ቢሆን የምታነጣጥረው 173 ሜትር ላይ እንዳለ አድርገህ ነው፣ ሽቅብም ቢሆን ያው ነው። በሁለቱም ሰው ከፍ አድርጎ ነው የሚስተው።

ሁለቱ ጥይቶች ቦታቸው መለያየቱ ግን በራሱ በሽታ አይደለም። አረሩ ከተነሳበት እስከ ጫፉ ለመድረስ አንድ ሺኛ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ይወስድበታል፣ በዛች ቅጽበት ጠመንጃው ወደ ኋላ እየረገጠ ነው፣ አፈሙዙ እየተነሳ ነው፣ ብረቱም እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። 150ው ሲወጣ በሰከንድ 890 ሜትር አካባቢ ነው፣ 180ው 820፣ ስለዚ ቀላሉና ከባዱ አረር የሚወጡት ጫፉ የተለያየ ቦታ ላይ እያለ ነው። ይሄን ወሎ ውስጥ ማስረዳት አይከብድም፣ አንድ ክራር ባቲ ተቃኝቶ አምባሰል ልጫወትበት ብትል ጅማቱን እንደገና ማክረር አለብህ። ጠመንጃህም ለአንዱ ጥይት ነው የሚቃኘው።

ሚኒሶታ ወሎዬ፦

አብሽር ወንድሜ ያንተ ጠመንጃ ጤነኛ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ያደኩት፣ እዚህ ሚኒሶታ ከመጣሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ፣ ህዳር በመጣ ቁጥር አጋዘን አደን እወጣለሁ፣ የኔም 30-06 ነው ያውም ባለ እንጨት። እህታችን መምህርቷ ያለችው ነገር ወርቅ ነው፣ እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል እሱን ለመረዳት።

ከኔ የምጨምረው ምን መሰለህ፣ 5 ጥይትም ቢሆን ጥቂት ነው፣ 3 ደግሞ በጣም ያታልላል፣ ያው ጠመንጃ ያው ጥይት አንዴ 3 ሳንቲ ሜትር ሰብስቦ ሌላ ጊዜ 6 ይሰጥሃል በእድል ብቻ። በሁለት የተለያየ ቀን አምስት አምስት ተኩስና ወረቀቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበህ ብርሃን ላይ እያቸው፣ እውነቱ እሱ ነው። ለአደን ደግሞ ከሁሉም የምትበልጠው የመጀመሪያዋ ጥይት ናት፣ በቀዝቃዛ አፈሙዝ የምትወጣዋ፣ አጋዘኑ ሁለተኛ እድል አይሰጥህም። ስለዚ ጠዋት ጠዋት አንዲት ጥይት ብቻ ተኩሰህ በዛችው ወረቀት ላይ አጠራቅም፣ አምስት ጠዋት አምስት ቀዳዳ፣ ከሌላው ሁሉ እሷን ነው የማምነው።

ደሞ የጥይት ዓይነት ስትቀይር አፈሙዙ ውስጥ የቀድሞው አረር ያስቀረው የመዳብ ቅሪት አለ፣ አዲሱ እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጥይት አትቁጠራቸው። ካርቶኑ ላይ የምርት ቁጥር አለ፣ ደህና የሰበሰበልህን ካገኘህ ያንኑ ቁጥር ያለውን በብዛት አስገዛ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ምርቱ የተለየ ጥይት ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል። ውድ ስለሆነ ይሻላል እንዳትል፣ የኔ ጠመንጃ ውዱን አልወደደውም፣ መካከለኛውን ነው የሚወደው፣ ምክንያቱን ብትጠይቀኝ አላውቅም። እዚህ ጥይት ራሳችን ስለምንሞላ ባሩዱንም የአረሩን አቀማመጥም ትንሽ ትንሽ እየለዋወጥን ጠመንጃው የሚወደውን እንፈልጋለን፣ አንተ ጋ ግን እሱ የለም፣ ስለዚ ያንተ ቅኝት ያለው ከካርቶን መምረጡ ላይ ነው።

ስትተኩስ ከሥር የምታስደግፈው አሸዋ የተሞላ ከረጢት ይሁን፣ የሚያርፈው እንጨቱ ነው፣ አፈሙዙ በፍጹም እንዳይነካ፣ አፈሙዙን ከረጢት ላይ ያሳረፈ ሰው ከፍ ብሎ ይመታል። ጥይቱንም ጸሐይ የመታው መኪና ውስጥ አትተወው፣ ባሩዱ ሲሞቅ ፍጥነቱ ይጨምራል።

የሐርቡ ገበሬ ልጅ፦

በዚሁ ልጠይቅ። አባቴ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ አለው፣ አንበሳው የተቀረጸበት፣ ከአያቴ የወረሰው። ጥይቱ ጠፋ፣ ሰው 7.62 ይጎርሳል ይለኛል፣ እውነት ነው? ከርከሮ ማሽላችንን ጨረሰው።

ጡረተኛው ከሆጤ፦

ልጄ አይሆንም! በአላህ ይዤሃለሁ እንዳትሞክረው። የአባትህ ቤልጅግ የሚጎርሰው 7.92 በ57 ነው፣ አረሩ 8.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 7.62 የሚባለው ደግሞ አንድ ጥይት አይደለም፣ የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የጂ ስሪው 51፣ የመትረየሱ 54፣ እዚህ ወንድምህ የሚጠይቅበት 63፣ ሁሉም 7.62 ይባላሉ፣ አንዱም የሌላው ምትክ አይሆንም። ሰፊ ጉሮሮ ውስጥ ጠባብ ቀለህ ገብቶ ቢዘጋልህ እንኳን ስትተኩሰው ቀለሁ ይቀደዳል፣ ጋዙ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፣ ዓይንህ ያለው ደግሞ እዛው ጋ ነው። በሥራ ዘመኔ እንደዛ ዓይኑን ያጣ ሰው አይቻለሁ። 7.92ም ሆኖ የድሮ ጥይት ካገኘህ ብዙው ካፕሱሉ፣ ማለት ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ጨው የሚተው ዓይነት ነው፣ በተኮስክበት ቀን የፈላ ውሃ አፈሙዙ ውስጥ አፍስስበትና አድርቀህ ዘይት ቀባው፣ ሳታጥበው ካደረ በሳምንት ውስጥ ዝገት ይበላዋል።

ከርከሮውን በተመለከተ ወረዳ ግብርና ሄዳችሁ አመልክቱ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መተኮስ በሕግ ያስጠይቃል፣ የመሣሪያው ደግሞ አዋጅ 1177/2012 አለ። አባትህ መሣሪያውን ይዞ መኖር ከፈለገ በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው አይውጣ።

አምባሰል፦

እኔ ግን ልናገር። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ያለው እኛ ሀገር ብቻ ነው፣ የመጥፋት አደጋ አለበት ተብሎ ተመዝግቧል፣ እናንተ ደግሞ በየትኛው ጥይት እንግደለው ትላላችሁ። ያሳዝናል።

የቦርከና ልጅ፦

እህቴ ሐዘንሽ ይገባኛል፣ አልከራከርሽም። የሚፈቀደው በቁጥር ነው፣ ያረጁ ወንዶቹ ናቸው፣ ቢሆንም አንቺ እንዳልሽው እንስሳው የኛ ብቻ ነው። ለዛ ነው እኮ ይሄን ሁሉ የምጠይቀው። ያ ሁለት ቀን ደሙን የተከተልነው አጋዘን ከዓይኔ አልጠፋም። ፈቃድ የተሰጠበት አንዱ እንኳን ሳይሰማው እንዲወድቅ ነው የምፈልገው፣ ጠመንጃው በኔ እጅ እስካለ ድረስ።

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ ጥቅምት ስመለስ አይቼ እጽፋለሁ።

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ትናንት ማታ ኮምቦልቻ ገባሁ፣ ደብተሩ አጠገቤ ነው።

ጋሼ የ10 ብሯ ኖት ከፊት አራት ጣት ያህል ሄዳ በቀኝ በኩል ያዘች፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ስላችሁ። ፊተኛው ብሎንም ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። አለቃዬን አስፈቅጄ ልክ እንዳሉኝ አደረኩ፣ ክብ ዱላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አራት ቀን የተልባ ዘይት፣ ካምፑ ሁሉ ተልባ ተልባ ሸተተ። አሁን ኖቷ እስከ ጥጉ ትሄዳለች። የጥፍር ቀለሟን ያገኘሁት ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ነው፣ ቀይ ናት፣ እስካሁን አልተሰነጠቀችም።

ከዛ መምህርት እንዳልሽኝ እያፈራረቅኩ ተኮስኩ፣ በእያንዳንዷ መሃል 10 ደቂቃ እየጠበቅኩ፣ እያንዳንዷ ላይ ቁጥር እየጻፍኩ። 150ው 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ እንደ ድሮው። 180ው 4 ተኩል! ከ9 ወደ 4 ተኩል። ወደ ግራ የሄደው ነገር ጠፋ፣ ጭራሽ የለም። ወደ ታች ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ግን አለ፣ እሱ የጥይቱ ነው ማለት ነው። የሰኔዎቹን ወረቀቶች አውጥቼ ሳያቸው ቁጥር ባልጽፍባቸውም የ180ው ቀዳዳዎች ወደ ግራ በመስመር ነው የተደረደሩት፣ ያኔ አላስተዋልኩትም።

ከዛ ነው ስኮፑን የነካሁት። የማዞሪያው አንዷ ክሊክ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ታንቀሳቅሳለች፣ 7 ክሊክ ወደ ላይ አዞርኩ፣ 180ው መሃል ገባ። 150ውን ሙሉ በሙሉ ከካምፑ ሳጥን አስወጣሁት፣ አለቃዬ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ለምኒልክ ድኩላውም ለአጋዘኑም 180 ብቻ ይሁን አልኩት፣ ሁለት ዓይነት ጥይት አንድ ሳጥን ውስጥ ካለ አንድ ቀን በስህተት የሚያጎርስ ሰው ይመጣል። የሚኒሶታው ወንድሜ፣ ያልከኝን የምርት ቁጥርም ጽፌ ለአለቃዬ ሰጥቼዋለሁ፣ ያንኑ ካገኘ እንዲገዛ።

ጠዋት ጠዋት አንዲት ጥይት ያልከውን አምስት ቀን ሠራሁት፣ አምስቱም በሲኒ አፍ ይሸፈናሉ። ህዳር ላይ አንድ ሽማግሌ እንግዳ መጣ፣ 140 ሜትር ላይ፣ ቁልቁል፣ አንዲት ጥይት። አጋዘኑ ከቆመበት ሦስት እርምጃ አልሄደም።

አሁን የቀረኝ 200 ሜትር ላይ ስንት እንደሚወርድ በወረቀት ማየት ነው፣ በስሌት ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይላል፣ ግን እኔ በዓይኔ ቀዳዳዋን ካላየሁ ለእንግዳ አልናገርም። ጋሼ ነገ ጠዋት ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እመጣለሁ፣ ወረቀቶቹን ይዤ፣ ቤት ይኖሩ ይሆን?

ጡረተኛው ከሆጤ፦

አለሁ ልጄ፣ ና። ሰኔ የተኮስክባቸውንም ይዘህ ና፣ ጎን ለጎን ላያቸው እፈልጋለሁ። ቡና ተፈልቶ ይጠብቅሃል።